የሚያለቅስ ወረቀት፣ የሚናገር ወረቀት

ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። «ነበር» የምለው ዛሬ ስለሌለ ነው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ትልቅ የኮፒ ማሽን፣ አንድ የመጠረዣ መሣሪያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም የማይነካው አሮጌ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። በወጣትነታቸው ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ከጃንጥላው ወደ ቤት ገቡ፤ ማመልከቻውም ቀስ በቀስ «ፕሮፖዛል» የሚባል ስም ይዞ ተከተላቸው።

በ2009 ዓ.ም. መንግሥት የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ማቋቋሙ ሲሰማ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መደራጀት ጀመረ። እኛም አምስት ሆነን ተሰባሰብን። ሐሳባችን ቀላል ነው፤ እንጀራ ጋግረን በአካባቢው ላሉ ምግብ ቤቶች ማቅረብ። ለአንድ አበዳሪ የሚሆን አሥራ ሁለት ገጽ ጻፍንና እንዲጠረዝልን ወደ ጋሼ ወሰድነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «እኛ ሥራ አጥ ወጣቶች በከፍተኛ ኑሮ ውድነትና ችግር ውስጥ የምንገኝ በመሆናችን» ብሎ ይጀምራል። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ልጄ፣ ይሄ ወረቀት እያለቀሰ ነው» አሉኝ። «ለሚያለቅስ ሰው ይታዘንለታል፤ ማን ያበድረዋል?»

«ታዲያ ምን እንጻፍ ጋሼ?»

እርሳስ አነሱና ከሽፋኑ ጀርባ ሦስት ጥያቄ ጻፉ። ምን ይዛችሁ መጣችሁ? ብሩ በምን ይመለሳል? ለምን ላምናችሁ?

ያን ጊዜ የሽማግሌ ምክር ነው ብዬ አለፍኩት። ኋላ ግን የኢትዮጵያን ታሪክ ሳነብ እነዚያ ሦስት ጥያቄዎች ደጋግመው ይመጡብኝ ጀመር። አገራችን ለሌላው ዓለም የጻፈቻቸው ትልልቅ የገንዘብና የድጋፍ ጥያቄዎች የተሳኩትም የወደቁትም በእነሱ ላይ ነው። ከታሪኩ የተወሰነው ደግሞ የሆነው እዚያው፣ ከጋሼ ሱቅ በእግር በሚደረስበት ቦታ ነው።

ደጅ ጥናት የተወን ቋንቋ

በመጀመሪያ፣ ወረቀታችን ለምን ያለቅሳል?

«አቤቱታ» የሚለው ቃል ራሱ «አቤት!» ከሚለው ጩኸት የወጣ ነው። በዘውዱ ዘመን ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ ይጠና ነበር። በጌታ በር ላይ ቀናት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆማል። ዕድል ሲገጥመው ንጉሡ ችሎት ላይ ወይም መንገድ ላይ ወረቀቱን ያቀርባል። የወረቀቱ ቅርጽ የታወቀ ነው፤ አስቀድሞ የጌታው ማዕረግ፣ ቀጥሎ የጠያቂው ትንሽነት፣ ከዚያ የደረሰበት በደል ወይም ችግር፣ በመጨረሻም የቸርነት ልመና።

እንዲህ መጻፍ በጊዜው ሞኝነት አልነበረም። ሰጪው የሚሰጠው ከቸርነቱ እስከሆነ ድረስ ርኅራኄውን የሚነካ ቃል ትክክለኛው ቃል ነበር። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት አበው ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚቀርበት አሳምረው ያውቁ ነበር። ችግሩ የመጣው ኋላ ነው። ሰጪው ተለወጠ፤ ባንክ ሆነ፣ ፈንድ ሆነ፣ ሠንጠረዥ የሚሞላ ባለሙያ ሆነ። እኛ ግን በዚያው በደጅ ጥናት ቋንቋ ቀጠልን።

ሌላ ቋንቋ ጠፍቶ አይደለም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚለውን ጽሑፉን ሲያዘጋጅ አላለቀሰም። እ.ኤ.አ. በ1912 አስመራ ላይ የታተመው ይህ ጽሑፍ የአገሪቱን ድክመት ከነምክንያቱ ካስረዳ በኋላ መንግሥት ሊያደርጋቸው የሚገቡትን ነገሮች በተራ ይዘረዝራል። የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ፣ ግብር የታወቀ ልክ ይኑረው ይላል። ዛሬ ብናነበው «የፖሊሲ ፕሮፖዛል» እንለው ነበር።

ሦስት ትንንሽ ብድሮች

«ብሩ በምን ይመለሳል?» የሚለውን ጥያቄ አገራችን ገና ድሮ መልሳዋለች።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1945 የዓለም ባንክ መሥራች አባል ሆነች። በመስከረም 1950፣ በእኛ አቆጣጠር 1943 ዓ.ም. እንደገባ፣ ባንኩ ሁለት ብድር ፈቀደላት። 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ፣ 2 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ለልማት ባንክ። ጥቂት ወራት ቆይቶ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለስልክና ቴሌግራፍ ተጨመረ። ባንኩ ለአፍሪካ አገር ያበደረው የመጀመሪያ ገንዘብ ይህ ነበር።

በጊዜው ኢትዮጵያ ለማልቀስ በቂ ምክንያት ነበራት። ከአምስት ዓመት ወረራ ከወጣች አሥር ዓመት አልሞላትም። የተማረ ወጣቷን የፋሺስት ጦር ጨርሶባታል። ጥያቄው ግን በቁስሏ ላይ አልቆመም። የቆመው በመንገዱ ላይ ነው። ጣሊያን የሠራቸው መንገዶች ጠጋኝ አጥተው እየፈራረሱ ነበር። ቡናና እህል ካለበት ወደ ገበያና ወደ ወደብ ለመድረስ የሚከፈለው የማጓጓዣ ዋጋ የዕቃውን ትርፍ ይበላዋል። መንገዱ ከተጠገነ ማጓጓዣው ይረክሳል፣ ወደ ውጭ የሚላከው ምርት ይጨምራል፣ የውጭ ምንዛሪ ይገባል፣ ብድሩም ይመለሳል። አራት እርምጃ ነው፤ እያንዳንዱም ተቆጥሮ የሚረጋገጥ።

ሌላም ነገር ነበረበት። ገንዘቡ ወደ መንግሥት ካዝና ገብቶ የሚቀልጥ አልነበረም። መንገዱን የሚመራ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት፣ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን፣ በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ባለሙያዎች መጥተው አብረው ሠሩ። አበዳሪው ገንዘቡን ማን እንደሚይዘው፣ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

የብድሩ መጠንም ራሱ ትምህርት አለው። አንድ ግዙፍ «ኢትዮጵያን የማልማት ፕሮጀክት» አይደለም የቀረበው። መንገድ፣ ባንክ፣ ስልክ፤ እያንዳንዱ ለብቻው መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ። እኛ አምስታችን በአሥራ ሁለት ገጽ ውስጥ የእንጀራ ምጣድ እየጠየቅን «የአገራችንን የሥራ አጥነት ችግር ለመቅረፍ» ብለን ነበር የጻፍነው።

ምን ይዘህ መጣህ?

አሁን ወደ ሰፈሩ እንግባ። የካዛንቺስ ስም ራሱ ከወረቀት የወጣ ነው። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራ ብሔራዊ ተቋም ነበረው፤ በምሕጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባላል። በወረራው ዘመን እዚህ የተሠሩት ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ ተባሉ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ የመሥሪያ ቤቱ ምሕጻረ ቃል ግን በአማርኛ ምላስ ተሞርዶ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ።

በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1958) የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ሲያቋቁም መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። የመጀመሪያው ስብሰባ በታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. እዚሁ ተከፈተ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚህ ብቻ አልረኩም። ለኮሚሽኑ የሚሆን አዳራሽ በኢትዮጵያ ገንዘብ እንዲሠራ አዘዙ። ንድፉን የሠራው አርቱሮ ሜዜዲሚ የሚባል ጣሊያናዊ አርክቴክት ነው። አፍሪካ አዳራሽ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ በካዛንቺስ ጠርዝ ላይ ቆሞ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀና ለተባበሩት መንግሥታት ተበረከተ። አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለ ቀለም መስታወት ሠራለት፤ በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የዛሬ ትግልና የነገ ተስፋ ያሳያል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 1955 ዓ.ም.፣ የ32 ነፃ የአፍሪካ አገሮች መሪዎችና ተወካዮች እዚያው አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ። የድርጅቱ ቋሚ መቀመጫ የት ይሁን የሚለው ግን ያን ዕለት አልተቋጨም። እስከ ካይሮው የሐምሌ 1956 ጉባኤ ቆየ። ኢትዮጵያ በዚያ መሀል ያቀረበችውን ነገር ተመልከቱ። የተሠራ አዳራሽ፣ ቀድሞ ሥራ የጀመረ የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤት፣ ለፖሊስ ትምህርት ቤት ተብሎ የተሠራና ለጽሕፈት ቤት የሚሰጥ ሕንጻ። ካይሮ ላይ አዲስ አበባ ቋሚ መቀመጫ ሆና ጸደቀች።

እርግጥ ነው፣ ውሳኔው በሕንጻ ብቻ አልመጣም። የአድዋ ድል ነበረ፣ የንጉሡ ዕድሜና ክብር ነበረ፣ ሁለት ጎራ ሆነው የተከፋፈሉትን የአፍሪካ መሪዎች ያቀራረበው የዲፕሎማሲ ልፋት ነበረ። ግን ለሰጪ ወይም ለመራጭ የሚቀርብ ጥያቄ «ብትሰጡኝ ይህን እሠራለሁ» እና «ይህን ሠርቻለሁ፤ ኑ አብረን እንቀጥል» በሚሉ ሁለት መንገዶች ሊጻፍ ይችላል። የ1950ዎቹ ኢትዮጵያ ሁለተኛውን መረጠች። ለዚህም የከፈለችው ትንሽ አልነበረም። አብዛኛው ሕዝቧ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት በሌለበት ገጠር የሚኖር ደሃ አገር ነበረች፤ እብነ በረድ የለበሰው አዳራሽ ከዚያው ከድሃው ግብር ወጥቷል። «ምን ይዘህ መጣህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከአንድ ሰው ኪስ ይወጣል። ማን ኪስ እንደሆነ መጠየቅ የጸሐፊው ኃላፊነት ነው።

ያልታመነው ወረቀት

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል።

መጋቢት 1976 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለጋሽ አገሮችንና ድርጅቶችን አዲስ አበባ ላይ ሰበሰበ። ኮሚሽኑ የተወለደው ከ1966ቱ የወሎ ረሃብ ነው፤ ያ ረሃብ ተደብቆ ዙፋን ይዞ ስለወደቀ ሁለተኛ እንዳይደበቅ ተብሎ። በኮሚሽነር ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው መሥሪያ ቤት ያቀረበው ጥያቄ በመረጃ የተሞላ ነበር። ከ5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው አደጋ ላይ ነው አለ። የሚያስፈልገው እህል ወደ 900 ሺሕ ቶን ይደርሳል አለ። የጠየቀው ግን 450 ሺሕ ቶን ነው፤ ወደቡና የጭነት መኪናው ከዚያ በላይ አይችልም ብሎ።

ለጋሾቹ አላመኑም። ሌላው ዓለም አቀፍ ግምት ከዚህ በብዙ ያነሰ፣ ወደ 125 ሺሕ ቶን የሚጠጋ ቁጥር ይዞ ነበር። ወራት አለፉ። በመስከረም 1977 ደርግ አሥረኛውን የአብዮት በዓል በታላቅ ድግስ አከበረ፤ ከተማዋ በቅስትና በመፈክር አጊጣ፣ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ሰው እየወደቀ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ሞሐመድ አሚን በቆረም የቀረጸው ምስል ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ወጣ። ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። ወረቀቱ በሰባት ወር ያላደረገውን አደረገ። በመቶ ሺሕ ለሚቆጠሩ ሰዎች ግን ዘግይቶ ነበር።

በዚህ ታሪክ ጥፋቱን በወረቀቱ ላይ ብቻ መደፍደፍ ግፍ ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት ነበረ፤ ለሶቪየት ወዳጅ መንግሥት እህል ለመስጠት የሚያመነቱ አገሮች ነበሩ። ደርግም በሰሜን እየተዋጋ ነበር፤ እህሉ ለማን እንደሚደርስ መጠርጠር ምክንያት የለሽ አልነበረም። ነገር ግን ፕሮፖዛል ለሚጽፍ ሰው ሁለት መራራ ነገሮች አሉበት።

አንዱ ቁጥሩ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ «900 ያስፈልጋል፣ 450 ስጡን» ሲባል የጻፈው ሰው ሐቀኛ መሆኑ ነው። መስጠት የማይፈልግ አንባቢ ግን የሚያየው ልዩነቱን ነው፤ ግማሹ ከበቃ ሩቡስ ለምን አይበቃም ይላል። በሁለቱ ቁጥሮች መሀል ያለው ክፍተት ካልተብራራ፣ ማለትም የቀረው 450 ሺሕ ቶን ባለመምጣቱ ምን እንደሚደርስ ካልተነገረ፣ ክፍተቱን አንባቢው በራሱ ጥርጣሬ ይሞላዋል።

ሌላው መንገዱ ነው። ለጋሹ ወረቀቱን የሚያነበው ቢሮው ተቀምጦ ብቻ አይደለም። በመስኮቱ ያያል። በወረቀቱ ላይ ረሃብ፣ በመስኮቱ ቅስትና ድግስ ካለ የሚያምነው መስኮቱን ነው። የኮሚሽኑ ሰዎች እውነት ተናገሩ፤ የቆሙበት መንግሥት ግን ቃላቸውን አፈረሰባቸው።

አራተኛው ዓምድ

ከ77ቱ ድርቅ በኋላ ዕርዳታ ድርጅት በዛ፤ የፕሮፖዛል ጽሑፍም ራሱን የቻለ እንጀራ ሆነ። ከእሱ ጋር «ሎግ ፍሬም» የሚባለው ሠንጠረዥ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1969 ለአሜሪካው የልማት ድርጅት ለዩኤስኤአይዲ የተነደፈ ነው። አራት ዓምድ አለው፤ ምን እንሠራለን፣ በምን እንለካዋለን፣ መለኪያውን ከየት እናረጋግጣለን፣ አራተኛው ደግሞ «ታሳቢዎች»፤ እኛ የማንቆጣጠረው፣ ግን እንዲሆን የምንጠብቀው ነገር።

ሕጉም ወረቀቱን ሲቀርጽ ኖሯል። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት አዋጅ (ቁጥር 621) ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በመሳሰሉት ሥራዎች እንዳይሰማራ ከለከለ። ብዙዎች ከመብት ሥራ ወጥተው ወደ አገልግሎትና ልማት ዞሩ፤ ከወረቀታቸውም «መብት» የሚለው ቃል ወጣ። አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥም ተደነገገ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የውጭ ገንዘቡን ገደብ አነሳ፤ የአስተዳደሩን ወጪ ግን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው። እነዚያን ዓመታት የኖረ ጸሐፊ አንድ ቃል በጀት ሊያሳጣ እንደሚችል ያውቃል።

ወደ እንጀራችን ልመለስ። የጋሼን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ከሰፈሩ ምግብ ቤቶች ደጅ ደጁን በእግር ዞርን። በቀን ስንት እንጀራ ትገዛላችሁ? በስንት? የሚያመጣላችሁ ሰው በምን ያስቀይማችኋል? ስድስቱ «ብታመጡ እንገዛለን» ብለው ፈረሙልን። የአንዷ ጓደኛችን እናት ማድ ቤታቸውን ሰጡን። አሥራ ሁለቱ ገጽ አራት ሆነ። «በካዛንቺስ ስድስት ምግብ ቤቶች እንጀራችንን ለመግዛት ተስማምተው ፈርመዋል» ብሎ ይጀምራል። ጋሼ አነበቡት፣ ምንም ሳይሉ ጠረዙት፤ የመጠረዣውንም አልተቀበሉንም። የተፈቀደልን ከጠየቅነው ያነሰ ነበር፤ ሠራንበት፣ ከፈልነውም።

ከዚያ 2017 ገባ። በመስከረምና በጥቅምት ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ፈረሰ። በዚያው ጥቅምት፣ ለዓመታት ሲታደስ የቆየው አፍሪካ አዳራሽ እንደ አዲስ ተከፈተ። የአፈወርቅ መስታወት ጸድቶ ብርሃን ሲያሳልፍ፣ ከአዳራሹ ጀርባ የነበረው ሰፈር አቧራ ነበር። ከፈረሙልን ስድስት ምግብ ቤቶች አንዱም በቦታው የለም። ማድ ቤቷም የለችም። ጋሼ ወደ ከተማው ጫፍ ሄዱ ተባለ፤ ስልካቸው አይነሳም።

ሰሞኑን የድሮውን ፕሮፖዛላችንን አውጥቼ አየሁት። በአራተኛው ዓምድ፣ በታሳቢዎች ሥር፣ «የጤፍ ዋጋ አይንርም» ብለናል። «መብራት አይቋረጥም» ብለናል። «ሰፈሩ ይኖራል» ብለን አልጻፍንም። ማን ይጽፋል?

አሁን ሦስት ቀርተናል። አዲሱ መኖሪያችን ገና ምግብ ቤት የበዛበት አይደለም፤ በየሕንጻው ግን ምጣድ ለመጣድ ቦታ የሌለው ቤተሰብ ሞልቷል። ትናንት ከመጀመሪያው ሕንጻ ጀምረን በር ማንኳኳት ጀመርን። እስከ ማታ አሥራ አንድ ቤት «በሳምንት እንወስዳለን» ብሎ ስሙን አስመዝግቧል። ወረቀቱን የምንጽፈው አርባ ስንሞላ ነው።